የዳኛው ምስክርነት

ፍስሐ ኳስ ባጫወተባቸው ዘጠኝ ዓመታት የገዛ ዓይኑን አምኖ ፊሽካ ነፍቶ አያውቅም። ጥፋቱን የሚያየው በሜዳው ዙሪያ የተተከለው የካሜራ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ የእጁ አምባር ይነዝረዋል፤ እሱም ይነፋል። ሳይነዝረው የነፋ ዳኛ ይታገዳል።

እሑድ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጦ ሳለ ነፋስ መጋረጃውን ገፋው፤ መጋረጃው የሟች አማቱን ፎቶ ከመደርደሪያው ላይ ጣለው። መስታወቱ ተሰበረ። የስምንት ዓመት ልጁ ሶስና ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር።

ሚስቱ ወይንሸት ከማድ ቤት ወጣች።

“ቤት ውስጥ አትሩጪ አላልኩሽም? የእናቴን ፎቶ ሰበርሽው?”

“እኔ አይደለሁም፤ ነፋስ ነው። አባዬ አይቷል።”

“ነፋስ ደግሞ እጅ አወጣ? ፍስሐ፣ አይተሃል?”

አይቷል። መጋረጃው ፎቶውን የነካበትን ጥግ ሳይቀር አይቷል። ግን አፉን ከፈተና ባዶ የእጁን አንጓ ተመለከተ። አምባሩ ከስታዲየም አይወጣም። ቢሆንም ንዝረቱን ጠበቀ።

“አባዬ፣ ንገራት እንጂ” አለች ሶስና።

አሁንም ጠበቀ።

“ዝም ካልክማ ገባኝ” አለች ወይንሸት፣ መጥረጊያውን እያነሳች።

ሶስና አባቷን ጥቂት አየችው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

“እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እማዬ። ይቅርታ።”