ጣሰው፣ ክፍል ዘጠኝ

በ1973 ዓ.ም. ሰባተኛ ሠፈር ውስጥ በረኛውን ኸይረዲንን የማያውቅ ቢኖር፣ ትናንት ከገጠር የገባ ሰው ብቻ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ያዳነ ቀን መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ይጨፍርለታል። ማንም ያልጠበቀው ግን በዚያ ኳስ በሚቀልብበት እጁ ሥዕል መሣሉን ነው።

የሣለው ጣሰው የሚባል ተሸካሚ ነው። ጣሰው አትክልት ተራ ጎመን ሲያወርድ ይውላል፤ ቀማኛ ያየ እንደሆነ ጆንያውን ጥሎ ይነሣል፤ በአንድ ቡጢ ሦስት ሰው ይዘርራል። በየሥዕሉ ሥር አጭር አጭር ጽሑፍ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ሳንሱር አልፎ፣ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ በወር አንዴ ይወጣል። በረኛው የጻፈው ነው ከተባለ ማን ይቆያል? በሁለት ቀን ያልቃል።

የምትሸጥለት አክስቱ ነች፤ እትዬ ሀጅራ። ከወሎ መጥታ ደብተርና አሮጌ መጽሐፍ ስትቸረችር ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ልጇን ጠሃን በ1970 ከዚችው ሱቅ በር ላይ ወስደውታል፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገራት የለም። የቀራት ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ ኸይረዲን ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ስሙ አሸብር ነው። አርባውን የተሻገረ፣ ጠመንጃው ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው። ለመሠረተ ትምህርት ፊደል ያልቆጠረውን ጎልማሳ ሁሉ ከየቤቱ እየነዳ አዳራሽ የሚያስገባው እሱ ነው። አስገብቶም አይሄድም፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ መስኮቱ ሥር ይቆማል። «መምህሩንም እየሰለለ ነው» ይላል ሠፈሩ።

ይኸው አሸብር ጣሰውን መግዛት ጀመረ። አንደኛውን ገዛ፣ ሁለተኛውን ገዛ። አምስተኛውን ሲገዛ እትዬ ሀጅራ እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ገበያተኛው ገለል እስኪል ጠበቀና መጽሐፉን ገልጦ ጣቱን ከአንድ ሥዕል ሥር አሳረፈ።

«እትዬ ሀጅራ፣ ይቺን እስኪ ያንብቡልኝ።»

«ምን ሆነች ጓድ አሸብር?»

«ምንም። ከእርስዎ አፍ ልስማት ብዬ ነው።»

አነበበችለት። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አዳመጠ፤ ከኪሱ ቀይ እርሳስ አውጥቶ አንዷን ቃል ከበበና አመስግኖ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ትሕትናው ነው ያስፈራት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መምጣት ሆነ፤ ሁልጊዜም ሰው ሳይኖር። ያስነብባታል፣ ይከብባል፣ ይሄዳል። አንዴ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ይህን ለማንም እንዳይተነፍሱ» አላት። «ለእርስዎም አይበጅ፣ ለእኔም።»

ልትውጠው አልቻለችም። ልምምድ ቦታው ድረስ ሄዳ ለኸይረዲን ነገረችው።

«የትኞቹን ቃላት ነው የከበበው?»

በቃሏ ይዛቸው ነበር። «ተነሱ። ጌታ። ሌባ። እሳት።»

ኸይረዲን አፈሩ ላይ በእንጨት ጻፋቸው። ያ ዘመን ሰው ሁሉ ከሰሙ ሥር ወርቅ የሚፈልግበት ዘመን ነበር፤ አሳሪውም ይፈልጋል፣ ታሳሪውም ይፈልጋል። ኸይረዲንም ፈለገ፤ አገኘም።

«ተነሱ፤ ጌታው ሌባ ነው፤ እሳት ልቀቁበት። አክስቴ፣ ይሄ እኮ የክስ ወረቀት ነው!»

«እንዲህ ብለህ ጽፈሃል እንዴ?»

«እኔ ጎመን የሚያወርድ ሰው ነው የሣልኩት!»

«ሳንሱር አሳልፎት የለም ወይ?»

«ጠሃስ ምን ጽፎ ነበር?»

ጠሃ ምንም አልጻፈም ነበር።

ክፍል ዘጠኝ ገበያ ላይ በዋለ ማግስት አሸብር ገዝቶ ሄደ። ወዲያው ተመልሶ መጣ። ደግሞ ሄዶ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

«ኸይረዲን ቤት የሚገኘው መቼ ነው?» አላት። «ብቻውን ነው የምፈልገው።»

እትዬ ሀጅራ ሱቋን ዘግታ ሮጠች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ኸይረዲን ዋናዎቹን ሥዕሎችና ያልተሸጡትን ቅጂዎች ጓሮ ባለው ምድጃ ጨመራቸው። የአሥረኛው ክፍል ሥዕል ሊያልቅ ሁለት ገጽ ነበር የቀረው። እሱንም ጨመረው። ምንም ኳስ አምልጦት እንደዚያ ቀን አላለቀሰም። በማግስቱ ጠዋት የድሬዳዋን ባቡር ያዘ። አክስቱ ሰው ያየናል ብላ ጣቢያ ድረስ ሳትሸኘው ቀረች፤ ያም ሌላ ቁጭት ሆነባት።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አንድ ነጋዴ ኸይረዲን ጅቡቲ መግባቱን ሹክ አላት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሠፈሩን አዳርሶታል፤ በረኛው ከድቷል። የከዳ ሰው አይመለስም፤ ቢመለስ የሚጠብቀውን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም በሕይወት አለ ብላ አላህን አመሰገነች።

አሸብር የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ጠመንጃ አልያዘም። የታጠበ ኮት ለብሷል፤ በብብቱ ዘጠኙን ክፍሎች በክር አስሮ ሸጉጧል።

ማስረጃው ይኸው፣ አለች በልቧ። እሱ አምልጧል፤ የቀረችው አሮጊት ምን ትሠራላቸዋለች? ሻሿን አጠባበቀችና ተነሣች።

«ተዘጋጅቻለሁ፣ ጓድ።»

«ይቀመጡ፣ እትዬ ሀጅራ።»

በሩን ገርበብ አደረገው። ካርቶን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል። ክሩን ፈትቶ የመጨረሻውን ክፍል ገለጠና ጣቱን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አሳረፈ።

«ጣ... ሰ... ው። ጣሰው» አለና ቀና ብሎ አያት። «ልክ ነኝ?»