ጥቁር ናስትሮ

መካኒኩ ፍሬን እምቢ ብሏት ከግንብ ጋር የተላተመችውን አሮጌ የመስክ መኪና ቁልፍ አዞረ። የሟቹ ሹፌር ሚስት የተጣመመውን በር ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ መኪናዋ የማስጠንቀቂያ መብራት አታሳይም ነበር? እሱ እኮ ፈሪ ነው። ቀይ ካየ ንቅንቅ አይልም።»

ዳሽቦርዱ ላይ፣ የፍሬኑ መብራት ቦታ፣ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል። ጫፉ በጥርስ የተቆረጠ ነው። እጁ ግሪስ ሲሆን ናስትሮ በጥርሱ የሚቆርጠው መካኒኩ ራሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ስለ መኪናዋ «ይቺ አሮጊት ዝም ብላ ነው የምትለፈልፈው» ብሎ ሟቹን ሲያስቀው ትዝ አለው። ጫፉን በጥፍሩ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ ቀዩ መብራት ቦግ ብሏል።

«ምን አገኙ ጋሼ?»

ናስትሮውን በአውራ ጣቱ መልሶ ተጫነው።

«ምንም፣ ልጄ። አምፖሉ ተቃጥሎ ነው።»