የሻጩ ጣት

የፈንጂ መፈተሻ ማሽኑ ጮኸ፤ ቀይ መብራቱም በራ። ማሽኑን ሊያሳይ የመጣው ሻጭ ገና «ቆይ» ለማለት አፉን ሳይከፍት ረጅሙ ጠባቂ የአዛውንቱን አናጢ ማጅራት አንቆ ፊታቸውን ከፍተሻው ጠረጴዛ ጋር አላተማቸው።

«እጅህን! እጅህን አሳይ!»

«ምን አደረግኩ ልጆቼ?» አሉ አናጢው። ከአፍንጫቸው የወረደው ደም በጠረጴዛው ብረት ላይ ይንጠባጠባል።

ባልደረቦቹ በጉልበቱ «በሬው» የሚሉት ሁለተኛው ጠባቂ ዱላውን አነሳና ከኋላ ቋንጃቸውን መታቸው። አዛውንቱ ተንበረከኩ። መናኸሪያው በር ላይ የተሰለፈው መንገደኛ ሻንጣውን እየጣለ ወደ ኋላ ሸሸ።

የጥበቃ ኃላፊው ግን ንቅንቅ አላለም። ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ «ስንቱ ቆርቆሮውን ሊያሸክመኝ መጣ መሰለህ» እያለ ማሽኑን በጎሪጥ ሲያየው ነበር። አሁን የሻጩን ትከሻ ጨብጦ ነቀነቀው።

«ይሄ ነው ማሽን ማለት! ያ ባለፈው የመጣው ሰውዬ ያሳየኝ ዕቃ ሽቶ በሸተተው ቁጥር ነበር የሚያለቅሰው። በቃ፣ ለሁሉም በር እገዛለሁ።»

ሻጩ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ገዢ ፊት የሚሠራት አንዲት ዘዴ አለችው። ለማሳያ ከተፈቀደችው ኢምንት የፈንጂ ናሙና ላይ ጣቱን ነካ ያደርግና «ይኸው፣ በዓይን የሚታይ ነገር አለ? የለም» ይላል። ከዚያ ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን ማሽኑ ውስጥ ሲከተው ማሽኑ ይጮኻል፤ ገዢው አፉን ይይዛል። ደንቡ በጓንት ነው የሚለው። ጓንት ግን ትርኢቱን ያደበዝዘዋል። ዛሬም በባዶ ጣቱ አሳየ፤ መታጠቢያው ራቅ ስላለበት እጁን በመሐረብ ጠረግ ጠረግ አደረገና ተወው። ወዲያው እኒህ አናጢ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ማውጣት አቃታቸው። ሻጩ ደግሞ እናቱ «ሸክም የያዘ አዛውንት አይተህ አትለፍ» ብላ ያሳደገችው ልጅ ነው። «ያምጡት አባባ፣ ላግዝዎት» ብሎ በሁለት እጁ አነሳላቸው። ጠባቂው በጨርቁ የጠረገው እሱ የያዘበትን ጥግ ነው።

በሬው ብርድ ልብሱን ተረተረው። ውስጡ የተፈታታ እንጨት ነበር፦ የተላገ፣ ጠርዙ ሁሉ የተሞረደ፣ ብሎኖቹ በትንሽ ከረጢት የታሰሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሕፃን አልጋ ነው። ልጄ ወለደችልኝ...»

«ፈንጂ ላይ የሚተኛው የማን ልጅ ነው?» አለና በሬው የአልጋውን ጎን በጫማው ረገጠው። ቀጫጭኖቹ ዘንጎች አንድ በአንድ ተሰበሩ።

አሁን ባዶ መሆኑን ያያሉ፣ ይተዉዋቸዋል፣ አለ ሻጩ በልቡ። አሁን። አለቃው ትናንት «ይሄንን ሽያጭ ሳትይዝ እንዳትመለስ» ብሎታል፤ ቀልዱን እንዳልሆነ ያውቃል። እንጨቱ ተበጠረ፣ ከረጢቱ ተዘረገፈ፣ ኪሳቸው ተገለበጠ። ምንም አልተገኘም።

«የት ደበቅከው?» ረጅሙ ጠባቂ የአናጢውን ቀኝ ክንድ ወደ ኋላ ጠመዘዘ። «ሰው ይዋሻል እንጂ ማሽን አይዋሽም!»

ይህችን አባባል ጠዋት ለጠባቂዎቹ ያስተማራቸው ሻጩ ራሱ ነው። ስቀውለትም ነበር።

«ጌታዬ፣ በልጄ ይዤሃለሁ፣ ክንዴን... የምበላው በሱ ነው...»

ቋ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለው ድምፅ ነበር፤ ግን እንጨቱ ከተሰበረ ቆይቷል። አዛውንቱ ጮኹ፤ ከዚያ ድምፃቸው ጠፋና አፋቸው ብቻ ተከፍቶ ቀረ።

«እኔ ነኝ!» አለ ሻጩ። «ተዋቸው! ናሙናው ከእኔ እጅ ነው የነካቸው! ዕቃቸውን ያነሳሁት እኔ ነኝ!»

«አንተ ደግሞ!» አለ ሻለቃው ዞር ብሎ። «ማሽንህ ያዘልህ እኮ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል?»

ሻጩ አዲስ ጨርቅ አወጣ። ቀኝ መዳፉን ጠረገና ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ማሽኑ ጮኸ። ቀዩ መብራት ፊቱ ላይ በራ።

በሬው ሌላ ሊያሳርፍ ያነሳው ዱላ አየር ላይ ቀረ። ረጅሙ የያዘውን ክንድ ለቀቀው፤ ክንዱ ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጥፎ ወደቀ። ሻለቃው ማሽኑን አየ፣ የሻጩን መዳፍ አየ፣ ወለሉ ላይ የተዘረሩትን አዛውንት አየ። አገጩን አከከ።

«ታዲያ ልክ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ። «ማሽኑ ምን አጠፋ? እንደውም አስተማማኝ ነው። እንደተነጋገርነው አምጣልኝ፤ አንተ ግን እጅህን ታጠብ።» ወደ ጠባቂዎቹም ዞሮ፣ «እሳቸውን ወደ ክሊኒክ የሚወስድ ታክሲ ጥሩ» አለና በሩን ለመንገደኛው እንዲከፍቱ በአገጩ አመለከተ።

አናጢው ታክሲውን አልጠበቁም። የተሰበረ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው በግራ እጃቸው ዘንጎቹን ከወለሉ ላይ እየለቀሙ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይከታሉ። የተሰበረውንም ያልተሰበረውንም።

ሻጩ አጠገባቸው ተንበረከከ። ከእግሩ ሥር የአልጋው ራስጌ ነበር፤ በመሮ የተቀረጸች ትንሽ ወፍ አለችበት፣ አንድ ክንፏ ተሰንጥቋል። እጁን ዘረጋ።

«ላግዝዎት፣ አባባ።»

አዛውንቱ ቀና አሉ። ፊቱን አላዩትም፤ እጁን ነው ያዩት። ከዚያ ራስጌውን በደም በራሰው ግራ እጃቸው ያዙና ወለሉ ላይ እየጎተቱ ከእሱ እጅ አራቁት።