መቶ በመቶ

ጓድ ተድላ አምቦ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። የሚያምነው በመቶኛ ብቻ ነው። ችግኝ ተተከለ ሲሉት «ስንት በመቶ?» ይላል። ችግኙ ጸደቀ ወይ ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም።

በ1982 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ደረሰው። ጓድ ተድላ ዳንቴል አለበሰውና ለብሔራዊ ውትድርና የተመዘገቡትን የአውራጃውን ወጣቶች ስም አስገባበት። የቀረው ዝርዝሩን በዲስክ ገልብጦ አዲስ አበባ መላክ ነበር።

ሁለት ጊዜ ተሞከረ። ማሽኑ ሲገለብጥ ይንጫጫል እንጂ ጥቁሩ መስኮት ላይ ምንም አይታይም። ጓድ ተድላ አምስት ደቂቃ ይታገሥና «ይሄ ሞቷል!» ብሎ ከሶኬቱ ይነቅለዋል። ሁለቱም ዲስክ ተበላሸ። ጥፋቱ በእርግጥ የማሽኑ ነበር።

የኮምፒውተሩ ሠራተኛ ኤጄታ ይባላል፤ አለቃው ሳይስቅ የማይስቅ ዓይነት ሰው ነው።

«ጓድ፣ ስንት በመቶ እንደተገለበጠ የሚያሳይ ቁጥር ልሥራበት?» አለ።

ተድላ ሊስመው ምንም አልቀረው።

የመዝገብ ቤቷ ወርቅቱ ይህን ሰማች። ትልቁ ልጇ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። የቀራት መርጋ ነው፤ ስሙም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ኤጄታን በረንዳው ላይ ጠበቀችው።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ኦቦ ኤጄታ! የመርጋን ስም ብቻ አውጣልኝ።»

«አንድ ስም ከጎደለ ይታወቃል» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

«ለአለቃህ መደሰቻ ቁጥር ትሠራለህ፣ ለእኔ ልጅ ግን እጅህ ይታሰራል። አድርባይ!»

ቁጥሩን ሊሠራ ገባ። ከእንዲህ ያለ ሰው ምን ይጠበቃል?

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ተጠርቶ ኮምፒውተሩን ከበበ። ቁጥሩ አንድ ብሎ ጀመረ። ሁለት። ሦስት። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

«ጩኸቱ እንኳ ጠፋ እኮ!» አለ ተድላ።

«አሻሽዬው ነው፣ ጓድ።»

ሰባ ላይ ሲደርስ ተድላ ደረቱን ነፋ። «ይህ ምስጢር ነው። መቶ ሲሞላ ማሽኑ ላይ ያለው ይደምሰስ። ወጣቶቹ የተመዘገቡባቸው የቀበሌዎቹ ቅጾችም ይቃጠሉ።»

«ትእዛዙን በጽሑፍ ቢያደርጉልኝ፣ ጓድ?»

ተድላ ጽፎ ፈረመ። መፈረም ይወዳል።

መቶ ሲል አጨበጨበ፤ ሌላውም ተከትሎ አጨበጨበ። «ክንውን፦ መቶ በመቶ» ተብሎ ሪፖርት ተጻፈ፣ ዲስኩም ታሽጎ ለመልእክተኛ ተሰጠ። ኤጄታ ማሽኑ ላይ ያለውን ደመሰሰ። ቅጾቹ ጓሮ በርሜል ውስጥ ተቃጠሉ። ወርቅቱ ጭሱን እያየች አለቀሰች፤ የልጇ ነገር አብቅቶለታል።

ከሰዓት በኋላ ኤጄታ የዓመት ፈቃዱን አስፈርሞ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ወጣ። በሩ ላይ ሲያልፋት ምራቋን እንትፍ አለችበት። ጫማውን ጠረገና ራቅ ወዳለችው ካቺሲ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሰኞ አዲስ አበባ ላይ ዲስኩ ሲከፈት የተገኘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ ሲያስነሡት ከአንድ እስከ መቶ ቆጥሮ ቆመ።