የጥሩወርቅ ዳማከሴ

«በጭብጨባዬ! እግርህ ሲረግጥ እጅህም አብሮ ይዙር!» ጥሩወርቅ አጨበጨበች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ባሏ ወልደሰማያት ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። መርፌውም ክሩም ከወለቀ ሰንብቷል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «የለመዱትን ሥራ እጅና እግርዎን አስተባብረው፣ ምት ጠብቀው ይሞክሩ» ብላዋለች፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ለምዶ ያውቃል? ቀኝ እግሩ መርገጫውን ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ መዘውሩን ያዞራል። መዘውሩ ወደ ፊት ከሄደ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ወደ ኋላ ካለ ግን ተኳርፈዋል ማለት ነው።

ዛሬም ተኳረፉ። መዘውሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

«አብረው ተሳፍረው እግሬ ሰኮሩ ከተማ ገብቷል፣ እጄ ገና መንገድ ላይ ሰርቦ ወርዶ ሻይ ይጠጣል» አለ በተጣመመ አፉ እየሳቀ። «አይዞሽ ጥሩዬ፣ ይደርሳል። ያንቺ ዳማከሴ ባይኖር ይሄኔ አፈር ለብሼ ነበር።»

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህ ምስጋና ያቃጥላታል። ያን ቀን ጠዋት አፉ ሲጣመም፣ ምላሱ ሲተሳሰር፣ ጎረቤታቸው ከድጃ «ባጃጅ ልጥራ፣ ሐኪም ቤት እናድርሰው» ብላ ነበር። «ምች ነው! ምች የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል» ብላ የመለሰቻት እሷ ናት። ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች፣ አሸች፣ ጭማቂውን በቡና አጠጥታ በጋቢ ጠቀለለችው። ላብ ላብ ሲለው ደስ አላት። ማታ ሲነቃ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ «ምነው ጠዋቱኑ ባመጣሽው!» አላት።

ወልደሰማያት ይህን አያውቅም። ከድጃም ነገሩን በሆዷ ይዛ ቀረች። እሱ ግን ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ ስለ ዳማከሴው እያወራ ይሸኛል፤ የሰፈራቸው የጊንጆ ጉዱሩ ሰው ጥሩወርቅን ባለመድኃኒት አድርጓታል።

በሩ ተበረገደ። ፋንቱ ናት፣ የባለሱቁ የፈየራ ሚስት፤ ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«ፈየራን ምች መታው! አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ የሚናገረው አይሰማም። ማሎ፣ እባክዎ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ጋሽ ወልደሰማያት የዳኑበትን ቅጠል ይስጡኝ!»

«ስጫት እንጂ!» አለ ወልደሰማያት ኮራ ብሎ። «እኔን ያዳነ እሱን ያቅተዋል?»

ጥሩወርቅ ወደ ጓሮው በር ተራመደች። ቅጠሉን ብትሰጣት ማንም አይወቅሳትም፤ እንዲያውም ትመረቃለች። እጀታውን እንደያዘች ዘወር ስትል ፋንቱ ቅጠሉን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች።

«ባጃጅ ጥሪ» አለች ጥሩወርቅ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው።»

«እንዴ! ምች እኮ መርፌ አይወድም...»

«ምች አይደለም! ስትሮክ ነው። እንዳታስተኚው፣ ሩጪ!»

«ጋሽ ወልደሰማያት ግን...»

«የሱም ምች አልነበረም። ሐኪም ቤት እንዳይሄድ ያስቀረሁት እኔ ነኝ!»

ፋንቱ ሮጠች። «ባጃጅ! ባጃጅ!» የሚለው ድምፅዋ እየራቀ ሄደ። ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች ቀረች። አፈረች፤ ዞራ ዓይኑን ማየት አልሆነላትም።

«ጠዋቱኑ ሄጄ ቢሆን?» አለ ወልደሰማያት ከኋላዋ።

«ጠዋቱኑ ቢሆን ይሻል ነበር አሉ ሐኪሙ። ከድጃ ባጃጅ ልጥራ ብላኝ ነበር።»

ከዚያ መኪናው ሲጥ ሲል ሰማችና ዞረች። በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንስቶ መዘውሩ ላይ እያስቀመጠ ነው። ጣቶቹን አንድ ባንድ አስያዛቸው። ቀና ብሎ አላያትም።

«አጨብጭቢ» አለ። ጥሩዬ አላላትም።

ጥሩወርቅ ሁለት እጆቿን አነሳች። እጆቿ ሳይገናኙ ተላለፉ።