ከሰርቨሩ ክፍል

ሥራ አስኪያጁ ለድርጅቱ ሰርቨር ሲገዛ የኮምፒውተር ባለሙያዋን አልሰማትም። «ይሄ ማሽን ሜሞሪው ትንሽ ነው፤ የሁላችንንም ሥራ አይችለውም» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አላት። ሲስተሙ ወድቆ ሥራው ሁሉ ሲታመስ ግን ጥፋቱን በእሷ ላይ አላክኮ አባረራት። ንዴቱ አልጋ ላይ ጣላት፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ከቀብሯ መልስ እሷ ትመክረው የነበረውን ማሽን አስገዛ። የሁሉም ሥራ ቀለጠፈ። የእሱ ኮምፒውተር ብቻ ያቃስት ጀመር። በእሷ ቦታ የተተካውን ባለሙያ ቢሮው አስጠራው።

ባለሙያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው። አንድ ሰው ገብቶ የእርስዎን ፋይል እየሰረዘ ነው እንጂ።»

«ማነው እሱ?»

«በሟቿ ስም ነው የተገባው። ያውም ከሰርቨሩ ክፍል።»

ሥራ አስኪያጁ ሄዶ ክፍሉን ከፈተ። ማንም የለም። የኪቦርዱ ቁልፎች ግን ሳይቸኩሉ ይወርዱና ይነሡ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ስሙ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ እየጠፋ ነው።

ላብ አጥምቆት ወደ ቢሮው ተመለሰ። ባለሙያው ቀና ብሎ በትሕትና አየው።

«ይቅርታ አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»