የጋቢና ትንፋሽ

«እንግዲህ እኔ የምሰማው ነገር የለም ጋሼ» ትላለች የእንስሳት ሐኪሟ፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ እያወጣች። «ሳንባው ንጹሕ ነው፤ ልቡም ደህና ነው። ጉሮሮውን ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት።»

ውሻዬ ጋቢና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጅራቱን ይቆላላታል። ትንፋሹ እንደ አዲስ ሞተር ነው። ዛሬም ጠዋት እንደነቃ ኩሽና ውስጥ አንገቱን ዘርግቶ፣ ምላሱ እስኪጠቁር አየር ያጣው ይኼው ነው ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? ጉድ ሠራኝ።

ጋቢና ያልኩት ከቡችላነቱ ጀምሮ መኪና ውስጥ ከኔ ጎን ካልሆነ ስለማይቀመጥ ነው። አሁን ባለቤቴም እኔም ለአፍታ ብቻውን ልንተወው ፈርተናል። አንድ ቀን ማንም አጠገቡ ሳይኖር ቢታፈንስ?

«ቪዲዮ ይቅረጹልኝ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ዶክተር፣ በዚያ ሰዓት እጄ ጉሮሮው ላይ ነው። ስልክ በምኔ ልያዝ?»

«እዚህ ሲመጣ ግን ምንም የለበትም» ትላለች። ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ፤ የኔው ናት። ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ስጠግን ስንቱ ደንበኛ «ቤቴ ሲነሳ ይጮኻል፣ እዚህ ሳመጣው ጠፋ» ብሎኛል። እኔም አፌን ሞልቼ «ምንም የለውም፤ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ይንዱ» እል ነበር። አንዲት አስተማሪ ሁለት ጊዜ እንዲህ ብዬ መለስኳት። በሦስተኛው መኪናዋ ተጎትታ መጣች።

«እስቲ ድምፁ ምን እንደሚመስል ያሰሙኝ» ትለኛለች ሐኪሟ።

ይኼንንም አውቀዋለሁ። «እስቲ እንዴት ነው የሚጮኸው?» ብዬ እጠይቅና፣ የተከበረ ሰው ከረባቱን አስሮ እንደ ተበላሸ ፍሬን ሲያንቋርር፣ ጀርባዬን አዙሬ እስቅ ነበር። ተራው የኔ ሆነ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውጭ ድመቷን ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ ሴት አለች። ይሁን ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወለሉ ላይ በእጄና በጉልበቴ ቆምኩ። እሱ እንደሚያደርገው ክርኖቼን ወደ ውጭ ከፍቼ፣ አንገቴን ዘርግቼ አየሩን በጉሮሮዬ ሳብኩት። ኽርርክ። ኽርርክ።

የመጀመሪያው አሳፈረኝ። በሁለተኛው ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። በሦስተኛው ግን ማስመሰሉ ቀረ፤ የጠዋቱ ፍርሃት እንዳለ መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። እውነት አየር አጠረኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጋቢና ከጠረጴዛው ዘሎ ወረደ። ጅራቱን መቁላት ትቷል። ፊት ለፊቴ ቆመና አፍንጫውን ከአገጬ ሥር አስገብቶ ጉሮሮዬን በምላሱ ቀስ እያለ ያሸኝ ጀመር፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ የማደርግለትን» አልኩ። «ሲታፈን በመዳፌ እንዲህ አሸዋለሁ። ቀስ በል፣ አለሁ፣ አይዞህ እለዋለሁ። ሌላ ምን አውቅለታለሁ?»

እሷም ወለሉ ላይ አጠገባችን ቁጢጥ አለች። «በሽታውን ገና አላወቅኩትም፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን አምኜዎታለሁ። ነገ ጠዋት ከመንቃቱ በፊት ቤትዎ እመጣለሁ። እስኪጀምረው አብረን እንጠብቃለን።»

በተቆራረጠ ትንፋሽ «አመሰግናለሁ» አልኳት። ለመነሳት ብሞክር ጋቢና ፈቀቅ አልልም አለ። ምላሱን ሰብስቦ፣ ጆሮውን ጉሮሮዬ ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሼ እስኪስተካከል ይጠብቃል።